የድሮትኒንግሆልም ቴአትርና የመድረኩ መሣሪያ

ከስቶክሆልም ከተማ በስተ ምዕራብ፣ ሜላረን በሚባለው ሐይቅ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ፣ የስዊድን ነገሥታት ከሚኖሩበት ከድሮትኒንግሆልም ቤተ መንግሥት አጠገብ፣ ከውጭ ሲመለከቱት ይህ ነው የሚባል ጌጥ የሌለው አንድ ቤት ቆሟል። ንግሥት ሎቪሳ ኡልሪካ ከዚያ በፊት የነበረው የቴአትር አዳራሽ በ1762 በእሳት ስለ ጠፋባቸው ይህን በምትኩ አሠርተው በ1766 አስጨረሱ (ዘመኑ በሙሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። ሕንፃውን ያነጸው ካርል ፍሬድሪክ አዴልክራንትስ ገንዘብ ስላነሰው፣ እምነ በረድ የሚመስለውን ሁሉ በቀለም አስመስሎ፣ የተቀረጸ የሚመስለውንም ጌጥ ከረጠበ ወረቀትና ከሙጫ አበጅቶ ፈጸመው። ለአንባቢ ላስተዋውቅ የምወደው ግን ከመድረኩ በታችና በላይ ያለውን፣ ዶናቶ ስቶፓኒ የተባለ ኢጣልያዊ የሠራውን የእንጨትና የገመድ መሣሪያ ነው፤ ምክንያቱም በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ሕዝብ ወደ ቴአትር ሲሄድ ሊያየው የሚጓጓለት ተአምር ሁሉ በእንዲህ ያለ መሣሪያ ይፈጸም ነበርና፣ ከእነዚያም መካከል እስከ ዛሬ የሚሠራው እጅግ ጥቂት ነውና።

ሰውን በአየር ላይ የማንሣቱ ጥበብ ከግሪኮች የተወረሰ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ዓመት በአቴና የቀረበው የኤውሪጲዴስ ሜዲያ፣ ባለታሪኳ በሠረገላ ሆና ከቤቱ ጣራ በላይ ስትታይ ይፈጸማል። ትእይንቱን ራሱን መለወጥ፣ ማለትም ከተማውን ባሕር፣ ባሕሩንም ሲኦል ማድረግ፣ የኢጣልያ ሊቃውንት ግብር ነው። እነርሱ ከሥዕል ጥበብ የተማሩትን የርቀት ስሌት ወደ መድረክ አምጥተው፣ በቀኝና በግራ በተርታ በሚቆሙ ባለ ሥዕል ሸራዎች ጠባቡን ስፍራ ሰፊ አደባባይ አስመስለው ማሳየትን ቢያውቁም፣ ለእያንዳንዱ ሸራ አንድ ገፊ ያስፈልግ ነበርና፣ አንዱ ሲቀድም አንዱ ሲዘገይ የተመልካቹ ተመስጦ ይፈርስ ነበር። ኒኮላ ሳባቲኒ በ1638 ስለ መድረክ መሣሪያዎች ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለውጡ እስኪፈጸም ድረስ የሕዝቡን ዐይን ወደ ሌላ ለመመለስ በአዳራሹ ጀርባ ሐሰተኛ ጠብ ማስነሣት እንደሚቻል ካወሳ በኋላ፣ ሁከቱ እውነተኛ እንዳይሆን በመስጋት መለከት ወይም ከበሮ ማሰማትን ይመርጣል፤ ችግሩ ምን ያህል እንዳስጨነቃቸው ከዚህ ይታወቃል።

መፍትሔው በብዙዎች ዘንድ የሚነገርለት ጃኮሞ ቶሬሊ ነው። በፋኖ ከተማ የተወለደው ይህ ሰው በ1641 በቬኔዚያ ኖቪሲሞ በተባለው ቴአትር፣ ሸራዎቹን ሁሉ በአንድ ኀይል በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ አቆመ፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ብቻውን ሊያስነሣው እንደሚችል በዚያው ዘመን የተጻፈ ምስክርነት አለ፤ ያዩትም ተደንቀው «ታላቁ ጠንቋይ» አሉት።

የድሮትኒንግሆልም መሣሪያ ከዚሁ ጥበብ የተወለደ ነው። በመድረኩ ወለል ላይ ከጐን ወደ መካከል የተዘረጉ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉ፤ በስንጥቁ የሚያልፈው ቋሚ እንጨት ከላይ ባለ ሥዕሉን ሸራ ተሸክሞ፣ ከታች በምድር ቤቱ ውስጥ በመንኰራኵር በሚሄድ ጋሪ ላይ ተተክሏል። ጋሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚቆሙና ገመዳቸው በተቃራኒ ስለ ታሰረ፣ አንዱ ወደ መድረኩ ሲገባ ጓደኛው የግድ ይወጣል። የሁሉም ገመድ ተሰብስቦ በአንድ ቋሚ ግንድ ላይ ይጠመጠማል፤ ሰዎች የግንዱን ረዣዥም ክንዶች ደረታቸው ላይ አስደግፈው፣ መልሕቅ እንደሚስቡ መርከበኞች በዙሪያው ሲሄዱ፣ ከላይ ያለው ተመልካች የቤተ መንግሥቱ አእማድ ወደ ጐን ሲሸሹና በእግራቸው የዱር ዛፎች ሲተኩ ያያል። መጋረጃ አይወርድም፤ ለውጡ የሚፈጸመው በተመልካቹ ዐይን ፊት ነውና፣ እርሱ ራሱ የትርኢቱ አንድ ክፍል ነው።

በዚህ ዓይነት መድረክ ላይ መጫወት የራሱ ሥርዓት አለው። ሸራዎቹ ወደ ኋላ በራቁ ቍጥር እያጠሩና እየተቀራረቡ ስለሚሄዱ፣ ወለሉም ወደ ተመልካቹ ስለሚያዘቀዝቅ፣ ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚገባ ተዋናይ ራሱ ከቤቶቹ ጣራ በልጦ ይታያልና፣ ተዋንያኑ ወደ ፊት ቀርበው መቆም ግድ ይሆንባቸዋል። የሥዕሉም መሥመር ሁሉ ተስተካክሎ የሚታየው ለንጉሡና ለንግሥቲቱ ከተዘጋጀው መንበር ላይ ሲሆን፣ ከዚያ በራቁ መጠን ዓለሙ ጥቂት በጥቂት ይጣመማል።

ባሕሩ ደግሞ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። በመድረኩ ወርድ ልክ የተጋደሙ፣ እየተጠማዘዙ የተቀረጹና በባሕር ቀለም የተቀቡ ረዣዥም እንጨቶች አንዱ ከአንዱ በስተ ኋላ ይደረደራሉ፤ እጀታቸው ሲዞር ጥምዝማዙ ከዳር እስከ ዳር የሚጓዝ ማዕበል ሆኖ ይታያል፤ በመካከላቸውም መርከብ ያልፋል። ነጐድጓዱ በድንጋይ የተሞላ የእንጨት ሣጥን ነው፤ ወዲያና ወዲህ ሲያዘነብሉት ድንጋዩ ይንከባለላል። ነፋሱም በተወጠረ ሸራ ሥር የሚዞር የእንጨት መንኰራኵር ድምፅ ነው። እኔ እስከማውቀው ድረስ ከእነዚህ ይልቅ ባነሰ ነገር ይህን ያህል የበዛ ዓለም የሚፈጥር ጥበብ የለም።

የቤቱ የክብር ዘመን የንጉሥ ጉስታቭ 3ኛ ዘመን ነበር፤ ተውኔት ይወዱ ብቻ ሳይሆን ራሳቸው ይጽፉ ነበር። በመጋቢት 1792 በስቶክሆልም ኦፔራ ቤት በጭምብል ጭፈራ ላይ ሳሉ በጥይት ተመትተው ከ13 ቀን በኋላ ሲያርፉ፣ የድሮትኒንግሆልም መድረክም ከእርሳቸው ጋራ ተዘነጋና ዕቃ ማስቀመጫ ሆነ። ይህ መዘንጋት ነው ያተረፈው። በመላ አውሮፓ የተወደዱትና ሕዝብ የሚጐርፍባቸው ቴአትሮች ጋዝ ሲመጣ በጋዝ፣ ኤሌክትሪክም ሲመጣ በኤሌክትሪክ ታደሱ፤ የእንጨቱ መሣሪያ ተነቅሎ በብረት ተተካ፤ ብዙዎቹም ተቃጠሉ። ይህኛው ግን የሚያድሰውም የሚያፈርሰውም ሰው ስላላገኘ፣ አግኔ ቤየር የተባለው ምሁር በ1921 ሥዕል ፍለጋ በገባ ጊዜ፣ ባለ ሥዕል ሸራዎቹም መሣሪያውም አቧራ ለብሰው በነበሩበት ቆዩት። የላሸቁት ገመዶች ተተክተው፣ መብራት ገብቶ፣ በ1922 ትርኢት እንደገና ተጀመረ። ከ1991 ወዲህ ቴአትሩ ከቤተ መንግሥቱ ጋራ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በቼክ አገር በቼስኪ ክሩምሎቭ ግንብ ውስጥ የዚሁ ዘመን ሌላ ቴአትር ከነመሣሪያው ይገኛል፤ በዚያ ግን ቅርሱ እንዳይጐዳ በመስጋት ትርኢት የሚታየው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። በድሮትኒንግሆልም በየበጋው ኦፔራ ይቀርባል፤ ግንዱንም የሚያዞሩት ዛሬም ሰዎች ናቸው። የጠባቂዎቹን ስጋት ባከብርም እኔ ከስዊድኖቹ ጋራ ነኝ፤ ገመድ ቢበጠስ ሌላ ይፈተላል፣ ብዙ ሰዎች በአንድ ምልክት ምን ያህል ፈጥነው መነሣት፣ የት ላይስ መገታት እንዳለባቸው ግን ግንዱን ይዘው ካልዞሩ በቀር የሚማሩበት ሌላ ስፍራ የለም።