ጨው ላይ የሚገኝ ስኳር፦ የማንግሮቭ ሃሚንግበርድ እንዴት ትኖራለች?

ከፊታችሁ ካለው ስኳር አንድ የሻይ ማንኪያ ዝቃችሁ ክብደቱን በእጃችሁ ገምቱ። የማንግሮቭ ሃሚንግበርድ መላ አካሏ፣ ላባዋም አጥንቷም ልቧም ተደምሮ፣ ከዚያ እምብዛም አይበልጥም፤ 4.5 ግራም ገደማ ናት። ጀርባዋ ወደ ነሐስ የሚያደላ አረንጓዴ፣ ጉሮሮዋ ሰማያዊ የተቀላቀለበት አረንጓዴ፣ ሆዷ ነጣ ያለ ነው። ሳይንስ እ.ኤ.አ. በ1877 መዘገባት። ከኮስታሪካ ሌላ አገር የላትም፤ እዚያም ቢሆን የምትኖረው በፓስፊክ ዳርቻ፣ ከኒኮያ ባሕረ ሰላጤ እስከ ጎልፎ ዱልሴ ባለው፣ ጨዋማ ውሃ ውስጥ በሚበቅለው የማንግሮቭ ደን ብቻ ነው።

ለምን እዚያ ብቻ? መልሱ የሚጀምረው ከክንፏ ነው። እጃችሁን ዘርጉና መዳፋችሁን ወደ ታች አድርጋችሁ አየሩን ወደ ፊት ጥረጉት፤ ከዚያ መዳፋችሁን ወደ ላይ ገልብጣችሁ ወደ ኋላ ጥረጉት። ሃሚንግበርድ አየር ላይ ቀጥ ብላ የምትቆመው እንዲህ ነው። ሌሎች ወፎች ክንፋቸውን መልሰው ሲያነሡ ያ ምት ብዙም አይሸከማቸውም። እሷ ግን ክንፏን ከትከሻው ስለምትገለብጠው የመልሱም ምት ያግዛታል፤ በአንድ የሰሜን አሜሪካ ሃሚንግበርድ ላይ በተደረገ ልኬት የመልሱ ምት ከክብደቷ ሩቡን ያህል ተሸክሞ ተገኝቷል። አገራችን ውስጥ አበባ የሚቀስሙትን ባለ ቀጭን ምንቃር አንጸባራቂ ወፎች ያየ ሰው ሃሚንግበርድ ቢመስሉት አይፈረድበትም። ነገር ግን ሃሚንግበርድ ከአሜሪካ አህጉራት ውጪ የለችም፤ የእኛዎቹም የሚቀስሙት ብዙውን ጊዜ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጠው ነው።

እንዲህ መቆም ግን ኃይል ይፈጃል። ሃሚንግበርዶች በበረራ ላይ ሳሉ ልባቸው በደቂቃ ከ1,000 ጊዜ በላይ ሊመታ ይችላል። የቀሰሙትን ስኳር ከግማሽ ሰዓት እስከ ሦስት ሩብ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ በቀጥታ ለክንፋቸው ጡንቻ ማገዶ ያደርጉታል። አቀሳሰማቸውም ራሱ የሚደንቅ ነው። ምላሳቸው ጫፉ ላይ ለሁለት ይሰነጠቃል። ከመቶ ዓመት በላይ ሊቃውንት የአበባው ጣፋጭ ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ እንደሚወጣ ውሃ በራሱ በምላሱ ላይ ይወጣል ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ኮሎምቢያዊው ተመራማሪ አሌሃንድሮ ሪኮ-ጌቫራ ከማርጋሬት ሩቤጋ ጋር በፈጣን ካሜራ ሲቀርጹት ሌላ ነገር ታየ፦ ምላሱ ፈሳሹ ውስጥ ሲገባ ጫፎቹ ይከፈታሉ፣ ሲወጣ ይዘጉና ፈሳሹን አፍነው ይመለሳሉ። ይህ በሰከንድ ከአስር ጊዜ በላይ ይደጋገማል።

እንግዲህ በየጥቂት ደቂቃው ማገዶ የሚያልቅባት ወፍ ከአበባዋ ርቃ መሄድ አትችልም። የዚህችኛዋ ዋና አበባ የአገሬው ሰው ፒኙዌላ ከሚለው የማንግሮቭ ዛፍ ላይ ይገኛል። ግንዱ ከሥሩ ሰፍቶ በሸንተረር የተከፋፈለ ነው፤ አበባው ትልቅ፣ ኮከብ መሳይ፣ ነጭና ሮዝ ነው። ወፏ ትንንሽ ነፍሳትም ትለቅማለች፤ ስኳር ብቻውን ሥጋ አይገነባምና። ጎጆዋንም ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ወራት እዚያው ማንግሮቭ ላይ፣ ብዙም ሳትርቅ ከውሃው በላይ ትሠራለች።

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ፒኙዌላ የባሕር ውሃ ይችላል፣ ከልክ ያለፈ ጨው ግን አይችልም። ከወንዝ የሚመጣ ጨው አልባ ውሃ እየደረሰ ጨዉን ማቅለል አለበት። ለዚህም ነው ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ እየሞላና እየጎደለ ከወንዞች ጋር በሚደባለቅበት በቴራባና በሲዬርፔ ወንዞች አፍ ደኑ የተንሰራፋው። አሁን በዚህ መካከል መንገድ ይሠራ፤ ወይም ለጨው ማምረቻና ለሽሪምፕ ኩሬ የአፈር ክትር ይቁም። አንድ ዛፍ እንኳ ሳይቆረጥ ውሃው ይታገዳል፣ ፀሐይ ውሃውን ስታተነው ጨው ይከማቻል፣ ፒኙዌላው ይደርቃል። ወፏም ስኳሯን ታጣለች። በኮስታሪካ ሕግ ማንግሮቭ መቁረጥ ክልክል ነው፤ ለከሰል ተደብቆ የሚቆርጥ ግን አልጠፋም። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ውሃውን መዝጋት ነው፤ መጥረቢያ ሲያርፍ ድምፁ ይሰማል፣ የተዘጋ ቦይ ግን ዓመታት አልፈው ዛፉ ሲደርቅ ነው የሚታወቀው። ይህች ወፍ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ለመጥፋት ከተጋለጡት ተርታ የገባችው በእነዚህ ምክንያቶች ነው።

ደስ የሚለው፣ የማንግሮቭን ጥገና የሚያውቁ ሰዎች ችግኝ ከመትከላቸው በፊት የሚያደርጉት ነገር መኖሩ ነው፦ ክትሩን ይበሳሉ፣ ከመንገዱ ሥር ቱቦ ይቀብራሉ፣ ውሃውን ወደ ቀድሞ መንገዱ ይመልሳሉ። ጨዉ ሲቀል፣ በአቅራቢያው እናት ዛፍ ካለ፣ የፒኙዌላ ፍሬ ራሱ በውሃው ላይ ተንሳፍፎ መጥቶ ጭቃው ውስጥ ሥር ይሰዳል።