ተጨማሪ መረጃ፦ ደም ስለ ልብ ምን ይናገራል?
ደረቱን ጨምድዶ የያዘው ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ፣ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ከመነሣቱ ጎን ለጎን ከክንዱ ጥቂት ሚሊ ሊትር ደም ይቀዳለታል። የሚፈለገው ትሮፖኒን የተባለው ፕሮቲን ነው። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻን መኮማተር የሚቆጣጠር ሲሆን፣ በጤናማ ሰው ደም ውስጥ መጠኑ እጅግ አነስተኛ ነው። የጡንቻው ሕዋሳት ኦክስጅን አጥተው ሲጎዱ ግን ወደ ደም ይፈስሳል።

መጠኑ በአብዛኛው ጉዳቱ ከጀመረ በኋላ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ከፍ ይላል፤ ለቀናትም ሳይወርድ ይቆያል። ሕመሙ እንደጀመረ የተቀዳ ደም «ደህና ነው» ሊያሰኝ ስለሚችል፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ምርመራው ይደገማል። ሐኪሙ በሁለቱ ውጤቶች መካከል ያለውን ለውጥ ያያል። ትሮፖኒን ልብ መጎዳቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም፤ የልብ ጡንቻ ብግነትና የኩላሊት ሕመምም ከፍ ያደርጉታል።

ሌሎች ምርመራዎች፦
• ቢኤንፒ፦ የልብ ግድግዳ በጫና ሲወጠር የሚመነጭ ሆርሞን ነው፤ የልብ ድካምን ለመለየት ይረዳል።
• የኮሌስትሮል ምርመራ፦ ዛሬ ለታመመ ልብ ሳይሆን ለነገው ስጋት ነው። ኤልዲኤል የተባለው ጎጂ ኮሌስትሮል ሲበዛ የደም ሥር ግድግዳ ላይ ስብ ይጋገራል።