ኒሮስታም ይዝጋል፦ ባሕር አጠገብ ለምትኖሩ

አሽዶድ፣ አሽቀሎን ወይም ነታንያ ባሕሩ አጠገብ የምትኖሩ፣ እስቲ የሚርፔሴታችሁን የብረት መደገፊያ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ቡናማ ነጠብጣብ አውጥቷል? እኔም "ኒሮስታ ነው፣ አይዝግም" ተብዬ ያስገጠምኩት ዓመት ሳይሞላው ዛገብኝ።

ኒሮስታ የሚለው ስም ራሱ ጀርመኖች "የማይዝግ" ከሚሉት ቃል የመጣ ነው። ብረቱ ውስጥ ያለው ክሮሚየም ከአየር ጋር ሲገናኝ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ዝገትን የሚከላከለው ይኸው ሽፋን ነው። ቢጫርም አየር ካገኘ ራሱን ይጠግናል። የማይችለው ጨው ነው። ከባሕር በነፋስ የመጣው ጨው ብረቱ ላይ ይቀመጥና በሌሊት ጤዛ ሲርስ ሽፋኑን ይበሳዋል።

እንግዲህ ከመክፈላችሁ በፊት የብረቱን ቁጥር ጠይቁ። ለወጥ ቤት ኪዮር የሚበቃው 304 የሚባለው ነው። ባሕር አጠገብ የሚያስፈልገው 316 ነው፤ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም ስላለበት ጨውን የተሻለ ይቋቋማል። ዋጋው ይወደዳል። ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም፣ ማግኔትም አይለያቸውም። ስለዚህ ቁጥሩን ካብላኑ በዋጋው ወረቀት ላይ ይጻፍላችሁ፤ እኔ በአፍ ቃል አምኜ ነው የተጎዳሁት።

ብዙ ሰው የማይጠይቀው ደግሞ የብረቱን ገጽ ነው። ሻካራ ሆኖ የተፋቀው ጭረቱ ውስጥ ጨው ይይዛል። በደንብ የተወለወለው ግን ቶሎ ይታጠባል። እናቶቻችን ሸክላውን ከመተኮሳቸው በፊት በለስላሳ ጠጠር ሲያሹት ያያችሁ ነገሩ ይገባችኋል። የሚያብረቀርቅ ካልወደዳችሁ፣ ጭረቱ ደቃቅ ይሁን፤ በቋሚዎቹ ላይ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ይውረድ፣ ዝናቡ ጨውን ይዞት እንዲሄድ።

ዝናብ ጠቃሚ ነው ስል የሚስቁብኝ አሉ። የኔ መደገፊያ የዛገው ግን ዝናብ በማይደርስበት በእጀታው ሥር ነው! በበጋ ዝናብ ስለሌለ በቧንቧ ውኃና በሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ እጠቡት፤ ከዚያ አድርቁት። ኤኮኖሚካ አታስጠጉት፣ ውስጡ ያለው ክሎር ብረቱን ይበላዋል። የብረት ሽቦ መፈግፈጊያም ብናኙ ቀርቶ ይዝጋል።

ነጠብጣቡ ላይ ላዩን ከሆነ አትደንግጡ። ግን ብረቱ ወለሉን በሚይዝበት በብሎኑ ዙሪያ ከዛገ፣ ወይም ስትነኩት ከተነቃነቀ፣ አትደገፉበት፤ የልጅ ልጆቻችሁንም አታስጠጉ። በዚያው ቀን ለቫዓድ ባይት ደውሉ።