አሮጌ ሞተር ብስክሌት ኃይሉ ሲጎድል ባትሪ ከመግዛት አስቀድሞ ስለሚደረግ ምርመራ

የግብርና ምክርና የከብት ሕክምና ወደ ገበሬው ደጅ የሚደርሰው በብዙ ስፍራ በሞተር ብስክሌት መሆኑን ክቡራን ሹማምንትና ባለ መሬቶች ሁሉ ያውቁታል። የታች ጋይንት ወረዳ መቀመጫ ከሆነችው ከአርብ ገበያ ተነሥቶ ወደ በሽሎ ቆላ የሚወርድ የክትባት ሠራተኛ በበረዶ ሣጥን የያዘው የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መጠበቅ አለበት። ሞተሩ ኃይል አጥቶ ሠራተኛው በመንገድ ያደረ እንደ ሆነ በረዶው ይቀልጣል፤ መድኃኒቱ ይበላሻል፤ ከብቱን ሰብስቦ ሲጠብቅ የዋለው ገበሬም ሳያስከትብ ይመለሳል። በሽታው ግን ሌላ ቀጠሮ አይጠብቅም።

እንዲህ ያለ ጉዳት በደረሰ ጊዜ ለሹሙ የሚቀርበው ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ «ባትሪ ይገዛልን» የሚል ነው። ሹሙም የሥራውን አስቸኳይነት ተመልክቶ ይፈርማል። አዲሱ ባትሪ ጥቂት ሳምንት አገልግሎ ሲደክም ያው ማመልከቻ ተመልሶ ይመጣል። ገንዘቡ ይወጣል፤ ሕመሙ ግን ከስፍራው አይነቀልም። ስለዚህ ፊርማ ከመስጠት አስቀድሞ ምን መጠየቅ እንደሚገባ ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

ኃይሉ ከወዴት እንደሚመጣ

ማይክል ፋራዴይ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1831 ዓመት፥ ማግኔት በሽቦ ጥምጥም አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አሳየ። የሞተር ብስክሌትም ሥራ በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ሞተሩ ሲሠራ አብሮት የሚዞር ማግኔት አለ፤ በአጠገቡም ስታተር የሚባል የማይዞር የመዳብ ሽቦ ጥምጥም አለ። ከዚህ ጥምጥም የሚወጣው ኃይል ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ስለ ሆነ ባትሪ ሊያከማቸው አይችልም። ሬክቲፋየር የሚባለው ዕቃ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ ያደርገዋል፤ ሬጉላተር የሚባለው ደግሞ ከልክ እንዳያልፍ ይገታዋል። በብዙዎቹ ሞተሮች ሁለቱ በአንድ ሣጥን ውስጥ ይገኛሉ።

እንግዲህ ባትሪው ጎተራ ነው፤ ማሳው ማግኔቱና ጥምጥሙ ነው። ጎተራው ባዶ ሆኖ ሲገኝ ብልህ ገበሬ ሌላ ጎተራ ለመሥራት አይቸኩልም፤ አዝመራው ጠፍቶ እንደ ሆነ፥ በመንገድ ፈስሶ እንደ ሆነ፥ ወይም ጎተራው ራሱ ተቀዶ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይመረምራል።

በብዙ አሮጌ ሞተሮች ካንዴላውን የሚያቀጣጥለው ኃይል በቀጥታ ከማግኔቱ ስለሚመጣ ባትሪው ሞቶም ቢሆን ሞተሩ በእግር ሲረገጥ ይነሣል። ነጂው ጉድለቱን የሚያውቀው ክላክሱ ሲሰልል፥ ፍሬቻው ብልጭታውን ሲተው፥ መብራቱም ሲፈዝ ነው። ካንዴላው ከባትሪ የሚመገብ ሞተር ግን በመንገድ መካከል ይቆማል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዋና መሣሪያ ቮልትና ኦም የሚለካ ቴስተር ነው።

1ኛ፤ በዓይን መመልከት። በባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ቢታይ ይጠረግ። የባትሪው ውኃ ከምልክቱ በታች ወርዶ እንደ ሆነ የተጣራ የባትሪ ውኃ ብቻ ይጨመርበት፤ የምንጭ ውኃ ግን ባትሪውን ይገድለዋል። ፊውዙ አለመቃጠሉ፥ ኔጋቲቩ ሽቦ ከሞተሩ አካል ጋራ ጠብቆ መታሰሩ፥ የሽቦ መገናኛዎቹም በሙቀት አለመጥቆራቸው ይታይ። በጭቃና በአቧራ መንገድ ለሚሄድ ሞተር ብዙው ሕመም በዚሁ ይገኛል፤ መድኃኒቱም ብሩሽና የመፍቻ ድካም ብቻ ነው።

2ኛ፤ ሞተሩ ጠፍቶ መለካት። ባትሪው በቻርጀር ተሞልቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ባለ 12 ቮልቱ 12.6 ገደማ፥ ባለ 6 ቮልቱ 6.3 ገደማ ማሳየት አለበት። ባለ 12 ቮልቱ ወደ 12 ከወረደ ባዶ ሊሆን ቀርቧል። ተሞልቶ ከሞተሩ ተነጥሎ የተቀመጠ ባትሪ በማግሥቱ ወርዶ ቢገኝ በደሉ የራሱ ነው፤ ያን ጊዜ አዲስ መግዛት ይገባል።

3ኛ፤ ሞተሩ እየሠራ መለካት። መካከለኛ ፍጥነት ተሰጥቶት በባትሪው ጫፎች ላይ ሲለካ ባለ 12 ቮልቱ ከ13.5 እስከ 14.5 ድረስ፥ ባለ 6 ቮልቱ ከ7 እስከ 7.5 ድረስ ማሳየት አለበት። ቀጥሎ መብራቱ በርቶ ይለካ። ቁጥሩ ሞተሩ ጠፍቶ ከነበረው ካልበለጠ ለባትሪው የሚደርሰው ኃይል የለም። ባለ 12 ቮልቱ ከ15 በላይ ካለፈ ደግሞ ሬጉላተሩ መግታቱን ትቷል፤ ይህም ባትሪውን ያፈላዋል፤ አምፖሉንም ያቃጥላል። ይህ ሁሉ ሲደረግ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሽቦ መንቀል አይገባም፤ ሬጉላተሩና አምፖሉ ሊቃጠሉ ይችላሉ።

4ኛ፤ ኃይሉ የሚቀርበትን ስፍራ መፈለግ። ሞተሩ እየሠራ መብራቱም በርቶ የቴስተሩ አንዱ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፥ ሌላው በሞተሩ አካል ላይ ይደረግ። ከ0.3 ቮልት በላይ ቢያሳይ መጥፎ ማሰሪያ አለ ማለት ነው። ይህ ደኅና ከሆነ ሞተሩ ጠፍቶ የስታተሩ መገናኛ ይነቀል። ሦስት ቢጫ ሽቦ ያለው ስታተር በየሁለቱ ሽቦ መካከል የሚታየው ኦም አነስተኛና እኩል ይሆናል፤ ከሞተሩ አካል ጋራ ግን ፈጽሞ መገናኘት የለበትም። በብዙ አሮጌና ትንንሽ ሞተሮች የጥምጥሙ አንዱ ጫፍ ከአካሉ ጋራ የታሰረ ስለ ሆነ በእነዚህ መገናኘቱ ጉድለት አይደለም። ይህን ልዩነት ሳያውቁ ደኅናውን ስታተር ማስጣል ሌላ ኪሣራ ነው። ስታተሩ ደኅና ሆኖ ከተገኘ ሬክቲፋየሩ ይመርመር፤ በአንድ ወገን አሳልፎ በሌላው መከልከል አለበት፤ በሁለቱም ካሳለፈ ወይም በሁለቱም ከከለከለ ይለወጣል።

5ኛ፤ በሌሊት የሚፈሰውን መፈለግ። ቁልፉ ተዘግቶ ኔጋቲቩ ሽቦ ይነቀልና ቴስተሩ በአምፔር መለኪያው በመካከል ይግባ። ሰዓት የሌለው አሮጌ ሞተር ከዜሮ የሚርቅ ቁጥር ማሳየት የለበትም። ካሳየ ልባሱ የተበላ ሽቦ ወይም የተበላሸ ሬክቲፋየር ባትሪውን ሌሊቱን እየጠጣው ነው። በዚህ ጊዜ ቁልፉን መክፈት ቴስተሩን ሊያበላሸው ይችላል።

ስለ ነጂው አመል

አንዳንድ ጊዜ ዕቃው ሁሉ ደኅና ሆኖ አመሉ ብቻ ይጎዳል። ቤንዚን ለመቆጠብ ሲል ሞተሩን አጥፍቶ መብራቱን እንዳበራ ቁልቁለቱን የሚወርድ ሰው ሳይዘራ የሚያጭድ ነው። ከተሠራለት ልክ የሚበልጥ አምፖል የሚያስገባም እንዲሁ ነው፤ የአሮጌ ማግኔት ኃይል ጥቂት ስለ ሆነ በዝግታ በሚሄድበት ጊዜ ወጪው ከገቢው ይበልጣል።

ሹማምንት ሊያደርጉት ስለሚገባ

የባትሪ ግዢ ማመልከቻ ሦስት ቁጥር ሳይጻፍበት እንዳይፈረም ማድረግ መልካም ነው፤ ሞተሩ ጠፍቶ፥ ሞተሩ እየሠራ፥ ሞተሩ እየሠራ መብራቱም በርቶ የተለካው ቮልት ነው። በየወረዳው አንድ ቴስተርና አንድ መዝገብ ቢኖር ዋጋው ያለ ምርመራ ከሚገዛ ባትሪ ጋራ አይነጻጸርም። በእርግጥ የሞተው ባትሪም ወደ ማሳ ወይም ወደ ወንዝ አይጣል፤ በውስጡ ያለው እርሳስ ሰውንና ከብትን የሚመርዝ፥ አሲዱም መሬትን የሚያቃጥል ነውና ለሚሰበስቡት ይሰጥ።

በዚህ ሥርዓት የተመረመረ ሞተር የክትባቱን ሣጥን በቀጠሮው ቀን ያደርሳል፤ የሕዝቡም ገንዘብ በከንቱ አይወጣም።