ሙሉ የጥርስ ረድፍ በኢምፕላንት ከተተካ በኋላ፦ የማገገሚያው ወራትና የጤና ባለሙያው ድርሻ

ጥርሶቻቸውን በሙሉ ላጡ ወይም የቀሩት ጥርሶቻቸው ሊድኑ ለማይችሉ ታካሚዎች ከሚሰጡ ሕክምናዎች አንዱ፣ በአንድ መንጋጋ አጥንት ውስጥ ከአራት እስከ ስድስት የሚደርሱ የታይታኒየም ብሎኖችን ተክሎ በእነርሱ ላይ አንድ ወጥ የጥርስ ድልድይ ማሰር ነው። ሕክምናውን የሚያከናውነው የጥርስ ሐኪም ወይም የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሐኪም ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ችግር ሲገጥመው ግን ታካሚው ብዙ ጊዜ የሚሄደው በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። ሕክምናውን በውጭ አገር አድርጎ ለበዓል ወይም ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ አገር ቤት የገባ ሰው ደግሞ ሐኪሙን በስልክ እንጂ በአካል ሊያገኘው አይችልም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጠቅላላ ሐኪሙ፣ የጤና መኮንኑ ወይም ነርሷ የትኛው ምልክት የተፈጥሮ መዳን አካል እንደሆነና የትኛው ሰዓት የማይሰጥ አደጋ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ይጠበቅባቸዋል።

የሕክምናው መሠረት የተገኘው በስዊድን ነው። ፐር ኢንግቫር ብሮነማርክ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጥንቸል አጥንት ውስጥ የደም ዝውውርን ሲያጠኑ፣ ለምርምር ያስገቡት የታይታኒየም መሣሪያ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ እንዳላቸው አስተዋሉ። በሰው ላይ የመጀመሪያውን ተከላ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን፣ የዚያ ታካሚ ኢምፕላንቶች ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2006 እስኪሞት ድረስ አገልግለውታል። በአራት ኢምፕላንት ሙሉ ረድፍ የመተካቱን ዘዴ ያስፋፉት ደግሞ ፖርቱጋላዊው ፓውሎ ማሎ ናቸው። በዚህ ዘዴ ከፊት ያሉት ሁለቱ ብሎኖች ቀጥ ብለው ይተከላሉ፤ ከኋላ ያሉት ሁለቱ በላይኛው መንጋጋ ከጉንጭ አጥንት ዋሻ፣ በታችኛው መንጋጋ ደግሞ ከነርቭ መውጫው ቀዳዳ ለመራቅ ጋደል ብለው ይገባሉ። ብሎኖቹ በበቂ ጥንካሬ ከያዙ ጊዜያዊው ድልድይ በዚያው ቀን ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታሰራል። ታካሚው ጥርስ አልባ ሆኖ ገብቶ ባለ ጥርስ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው፤ የማገገሚያው ትልቁ ፈተናም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት

ብሎኑ በተተከለበት ቀን የሚይዘው በመካኒካዊ ጥብቀት ብቻ ነው። እንጨት ውስጥ የገባ ብሎን እንደሚይዘው ሁሉ ጥርሶቹ አጥንቱን ነክሰው ይይዛሉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት በብሎኑ ዙሪያ የተጎዳው አጥንት በአጥንት በላ ሕዋሳት ይመጠጣል፤ በምትኩ በመጀመሪያ ያልጠነከረ አዲስ አጥንት ይሠራል፣ ይህም በወራት ውስጥ በጠንካራው አጥንት ይተካል። አሮጌው ጥብቀት እየቀነሰ፣ አዲሱ ውሕደት ገና ሳይበረታ የሚያልፍበት ጊዜ በአብዛኛው በሁለተኛውና በአራተኛው ሳምንት መካከል ነው። በዚህ ወቅት ኢምፕላንቱ ከተተከለበት ቀን ይልቅ ደካማ ነው። በብሎኑና በአጥንቱ መካከል የሚደረገው እንቅስቃሴ ከ100 እስከ 150 ማይክሮሜትር ካለፈ በአጥንት ፈንታ ጠባሳ መሰል ሥጋ ይሠራና ኢምፕላንቱ ሳይዋሐድ ይቀራል።

ታካሚው በበኩሉ በሦስተኛው ሳምንት እብጠቱ ጠፍቶለታል፣ ሕመሙ ቆሟል፣ መስታወት ሲያይም ሙሉ ጥርስ ያያል። የተፈጥሮ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር የሚያያዘው ስሜት በሚያስተላልፍ ጅማት ነው፤ ኢምፕላንት ይህ ጅማት የለውም። ስለዚህ ታካሚው ምን ያህል ኃይል እያሳረፈ እንደሆነ በትክክል አይሰማውም፤ ከመጠን በላይ ሲነክስ የሚያስጠነቅቀው ሕመምም የለም። ሕመም አለመኖሩን የመዳን ምልክት አድርጎ መውሰድ በዚህ ሕክምና ትልቁ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱን የሚሠራው ደግሞ ታካሚው ብቻ አይደለም። «ከቁስሉ ድነሃል፣ እንደ ልብህ ብላ» የሚል ምክር ከጤና ባለሙያ አፍ ከወጣ ጉዳቱ ከምራቅ ማጽጃ ጉድለት የከፋ ሊሆን ይችላል።

ስለ ምግብ

የሚሰጠው መመሪያ እንደ ሐኪሙ ቢለያይም፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈሳሽና ለብ ያለ ምግብ፣ ከዚያ ቢያንስ እስከ ስድስትና ስምንት ሳምንት፣ ብዙውን ጊዜም እስከ ሦስት ወር ድረስ በሹካ ጫን ሲሉት የሚፈርስ ለስላሳ ምግብ ብቻ እንዲበላ ይታዘዛል። በውጭ አገር ቋንቋ ታትሞ የሚሰጠው የምግብ ዝርዝር ግን ለአገራችን ማዕድ ብዙም አይረዳም። አጥሚት፣ የቀዘቀዘ ገንፎ፣ በለብ ያለ ሽሮ የራሰ ፍትፍት፣ የምስር ክክ፣ በደንብ የበሰለ ድንች፣ እንቁላል፣ እርጎና አቮካዶ ይስማማሉ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ የተጠበሰ በቆሎ፣ ጥብስና ጥሬ ሥጋ፣ የደረቀ ዳቦ ቅርፊት ክልክል ናቸው። ቁስሉ እስኪደርቅ በርበሬ የበዛበት ወጥና የሚያቃጥል ቡና ቢዘገዩ ይመረጣል። ጫት ለብቻው መነሣት አለበት፤ ለሰዓታት የሚዘልቅ ማኘክና በአንድ ጉንጭ ይዞ መቆየት ገና ላልተዋሐደ ኢምፕላንት ተደጋጋሚ ጫና ነው። ታካሚው ራሱ ካልጠቀሰው ባለሙያው መጠየቅ ይኖርበታል።

ሕክምናው በጾም ወራት ከዋለ የፕሮቲን እጥረት ቁስልን ያዘገያል። የጾም ምግብ ውስጥ ሽሮ፣ ምስርና አኩሪ አተር ስላሉ ችግሩ ሊፈታ ይችላል፤ ሆኖም ምግቡ ፈሳሽ ብቻ በሆነባቸው ቀናት የስኳር ሕመምተኛው ወይም አረጋዊው በቂ ኃይል ላያገኝ ስለሚችል፣ ከንስሐ አባታቸው ጋር እንዲመክሩ መንገሩ የጤና ባለሙያው ሥራ አካል ነው። በረመዳን ለሚጾሙም የመድኃኒት ሰዓትን አስቀድሞ ማስተካከል ያስፈልጋል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

እብጠት በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ከፍተኛ ደረጃ ላይ ይደርስና ከዚያ እየቀነሰ በአንድ ሳምንት ወይም በአሥር ቀን ውስጥ ይጠፋል። በጉንጭና በአንገት፣ አንዳንዴም እስከ ደረት ድረስ ወርዶ የሚታይ መበለዝ በተለይ በአረጋውያን ላይ ያስደነግጣል እንጂ በራሱ አያሳስብም። በመጀመሪያው ቀን ምራቅን ቀላ የሚያደርግ ደም ይጠበቃል። ደሙ ከበዛ ንጹሕ ፋሻ ጠቅልሎ ለሠላሳ ደቂቃ ሳያነሡ አጥብቆ መጫን ነው፤ በየአምስት ደቂቃው እያነሡ ማየት የረጋውን ደም ይነቅላል። መጉመጥመጥና መትፋት፣ በገለባ መምጠጥ፣ ማጨስ በዚህ ቀን ይከለከላሉ።

ለሕመም አይቡፕሮፌንና ፓራሲታሞል በአንድነት ሲሰጡ ለብዙዎች በቂ ናቸው፤ ኩላሊቱ የደከመ፣ የጨጓራ ቁስል ያለበት ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ከአይቡፕሮፌን መቆጠብ አለበት። ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን መቀነስ ሲገባው ከአራተኛው ቀን በኋላ ተመልሶ ከባሰ ምርቀዛ ሊጠረጠር ይገባል። እዚህ ላይ አንድ ልማድ መነሣት ይኖርበታል። አፍ ውስጥ የሆነን ነገር ሁሉ በሜትሮኒዳዞል መጀመር በብዙ ቦታ የተለመደ ነው። ሜትሮኒዳዞል ግን የዋርፋሪንን ኃይል ስለሚጨምር፣ ለልብ በር ሕመም ዋርፋሪን የሚወስድ ታካሚ አፉን ለማከም ተብሎ ደም እንዲፈስሰው ሊደረግ ይችላል። ዋርፋሪንን ያለ ሐኪሙ ፈቃድ ማቋረጥም እንደዚሁ አደገኛ ነው፤ የአፍ ደም በመጫን ይቆማል፣ በሰው ሠራሽ የልብ በር ላይ የረጋ ደም ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

ሰዓት የማይሰጠው አደጋ

በታችኛው መንጋጋ የፊት ክፍል ሲቦረቦር መሣሪያው በምላስ በኩል ያለውን የአጥንት ግድግዳ ከበሳ፣ ከምላስ ሥር የሚያልፉ የደም ሥሮች ሊቆረጡ ይችላሉ። ደሙ ወደ አፍ አይወጣም፤ በምላስ ሥር ባለው ልል ቦታ ውስጥ ይጠራቀማል። ይህ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሊታይ ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ የታየበትም ጊዜ አለ። የምላስ ሥር ተነፍቶ ይጠቁራል፣ ምላስ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋል፣ ድምፅ ይታፈናል፣ ምራቅ መዋጥ ያቅታል፣ በመጨረሻም የአየር መተላለፊያው ይዘጋል። ፋሻው ላይ ብዙ ደም አለመኖሩ ባለሙያውን ሊያዘናጋው አይገባም።

እንዲህ ያለ ታካሚ በጀርባው አይተኛም፤ ተቀምጦ ኦክስጅን ይሰጠዋል። አንድ ጣት በምላስ ሥር፣ ሌላው እጅ ከአገጭ በታች ሆኖ ሁለቱን አቀራርቦ መጫን ጊዜ ይገዛል። እብጠቱን በስቶ ደሙን ለማፍሰስ መሞከር አያስፈልግም፤ ጭኖ የያዘውን ግፊት አንሥቶ መፍሰሱን ያባብሳል። የአየር ቱቦ ማስገባት የሚችል ባለሙያ እብጠቱ ሳይበረታ መጠራት አለበት፤ ከዘገየ በአፍ በኩል ማስገባት ስለማይቻል አንገትን መክፈት ግድ ይሆናል። ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ሲላክም ያለ አጃቢ ባለሙያ አይላክም። ከቀናት በኋላ ትኩሳት፣ የአገጭ ሥር መደንደንና አፍን መክፈት አለመቻል ከታዩ ግን የሚጠረጠረው በአንገት የሚሠራጭ ምርቀዛ ነው፤ የአየር መተላለፊያው ስጋት ግን ያው ነው።

ሁለተኛው ጊዜ የማይሰጥ ጉዳይ የታችኛው ከንፈርና የአገጭ መደንዘዝ ነው። ማደንዘዣው በሰዓታት ውስጥ ይለቃል። በማግስቱም ደንዝዞ ከቀረ ኢምፕላንቱ ነርቩን ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ለቀዶ ሐኪሙ መነገር አለበት፤ ብሎኑን መልሶ ማውጣት ወይም ማላላት የሚጠቅመው በመጀመሪያው አንድ ቀን ተኩል ገደማ ውስጥ ሲደረግ ነው። «በጊዜ ይለቃል» ብሎ ቫይታሚን ቢ አዝዞ መሸኘት ይህን ዕድል ያባክናል። በጥጥና በመርፌ ጫፍ የደነዘዘውን ቦታ ለክቶ ሥዕል ማስቀመጥ ለሚቀጥለው ሐኪም ትልቅ እገዛ ነው።

በላይኛው መንጋጋ ለተተከለላቸው ለሁለት ሳምንት ያህል አፍንጫን በኃይል አለመናፈጥና ሲያስነጥሱ አፍን መክፈት ይመከራል።

ንጽሕናና ክትትል

ከሃያ አራት ሰዓት በኋላ ለብ ባለ የጨው ውኃ ቀስ ብሎ መጉመጥመጥ፣ በቀን ሁለት ጊዜም ክሎርሄክሲዲን ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት መጠቀም ይቻላል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ድልድዩን ያጠቁረዋል፣ ጣዕምም ያበላሻል። ብሩሹ ለስላሳ መሆን አለበት። ለዘመናት አፋችንን ያጸዳው መፋቂያ ቁስሉ እስኪድን ቢቆይ ይሻላል፤ ቃጫው ስፌት ሥር ይገባል። ድልድዩ ከድድ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተልባ፣ ሰሊጥና የመሳሰሉት ስለሚቀረቀሩ፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ በጥርስ መሐል በሚገቡ ትንንሽ ብሩሾች ማጽዳት የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። ኢምፕላንት አይቦረቦርም፤ ድዱና አጥንቱ ግን ይመረቅዛሉ፣ ይህም ለዓመታት ያለ ሕመም ሊቀጥል ይችላል።

ሲበሉ የመንቀጭቀጭ ድምፅ ከተሰማ ወይም ድልድዩ ከተሰነጠቀ ብሎን ላልቶ ሊሆን ይችላል። ጫናው በቀሩት ኢምፕላንቶች ላይ ስለሚያርፍ በቀናት ውስጥ መታየት አለበት፤ በገበያ በሚገኝ ማጣበቂያ ራስን መጠገን ፈጽሞ አይገባም። የመጨረሻው ድልድይ የሚሠራው በአብዛኛው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ነው። የሚያጨሱ፣ ስኳራቸው ያልተስተካከለ፣ በራስና በአንገት ላይ የጨረር ሕክምና የወሰዱ ሰዎች ቀስ ብለው ይድናሉ፤ ለካንሰር ዞሌድሮኒክ አሲድ ወይም ዴኖሱማብ የሚወስዱት ደግሞ የመንጋጋ አጥንት መሞት ስለሚያሰጋቸው ያልሸፈነ አጥንት ከታየ ሳይዘገይ መላክ አለባቸው።

ድልድዩ በብሎን የታሰረ እንጂ እንደ ተለመደው ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚወልቅ አይደለም። ለሌላ ቀዶ ሕክምና ሲዘጋጁ ነርሷ «ጥርስዎን ያውልቁ» ብላ ብትጠይቅና ታካሚው ሊያወልቀው ቢታገል፣ ያለ አንዳች ጥቅም ጉዳት ይደርሳል፤ ማደንዘዣ ሰጪው ግን መኖሩን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ታይታኒየም በማግኔት ስለማይሳብ ኤምአርአይ አይከለከልም፤ ምስሉን ግን በአፍ አካባቢ ያደበዝዘዋል። ታካሚው የኢምፕላንቱን ዓይነት፣ መጠንና የተተከለበትን ቀን የያዘ ካርድ ከሐኪሙ ተቀብሎ ከሆነ ቅጂው ከሕክምና ካርዱ ጋር ይያያዝ፤ ከዓመታት በኋላ የላላ ብሎን የሚያጠብቅ ሐኪም የትኛው መፍቻ እንደሚገጥም የሚያውቀው ከዚያ ወረቀት ነው።