የጨረር ማሽኑ ልብ፦ ማግኔትሮን

ከአሊዩ አምባ ለጨረር ሕክምና የሚነሳ የካንሰር ታማሚ የአንኮበርን ዳገት ወጥቶ፣ በደብረ ብርሃን አልፎ ነው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚደርሰው። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ሳምንታት ይፈጃል። ማሽኑ አንድ ቀን በቆመ ቁጥር የአልጋና የምግብ ወጪው ይጨምርበታል።

ሆስፒታሉ ለረጅም ዓመታት የተገለገለው ኮባልት 60 በተባለ የጨረር ምንጭ ነው። ኮባልት ጨረር ለማመንጨት መብራት አይሻም፤ ነገር ግን በየ5.27 ዓመቱ ጉልበቱ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ምንጩ ካልተቀየረ የእያንዳንዱ ታማሚ ሰዓት ይረዝማል፣ ወረፋውም ይከማቻል። በቅርብ ዓመታት በጥቁር አንበሳና በጅማ ሥራ የጀመሩት ሊኒየር አክስለሬተሮች ይህ ችግር የለባቸውም። የእነሱ ጣጣ ሌላ ነው፦ ጨረሩን ለማመንጨት ኤሌክትሮኖችን ወደ ብርሃን ፍጥነት የሚያስጠጋ ኃይለኛ ማይክሮዌቭ ይፈልጋሉ። ይህን ኃይል በአንዳንዶቹ ክላይስትሮን የተባለ ዕቃ፣ በሌሎቹ ማግኔትሮን ይሰጣል።

ማግኔትሮን መሃሉ ላይ የጋለ ዘንግ፣ ዙሪያውን ደግሞ ጎድጓዳ ክፍተቶች የተቦረቦሩበት መዳብ ያለው፣ አየር የሌለበት ዕቃ ነው። ከዘንጉ የሚወጡ ኤሌክትሮኖች በአሥር ሺዎች ቮልት ወደ መዳቡ ይሳባሉ፤ በዕቃው ላይ የተገጠመው ማግኔት ግን መንገዳቸውን ስለሚያጥፈው በዘንጉ ዙሪያ ይሽከረከራሉ። በክፍተቶቹ አፍ ሲያልፉ ደካማ ሞገድ ይቀሰቅሳሉ። ሞገዱም በተራው አንዱን ኤሌክትሮን እያዘገየ ሌላውን እያፈጠነ በዘለላ ይሰበስባቸዋል፤ ዘለላው ደግሞ ሞገዱን የበለጠ ያጠነክረዋል። የዋሽንት ነፊ ወጥ ትንፋሽ በቀዳዳው አፍ ድምፅ እንደሚሆን፣ ወጥ የሆነው የኤሌክትሪክ ጉልበትም እዚህ ሞገድ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1940 ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ይህን ባለ ክፍተት ማግኔትሮን የሠሩት ለጦር ራዳር ነበር። ዛሬ የኩሽናው ማይክሮዌቭ 1 ኪሎዋት ገደማ ይበቃዋል። የሕክምናው ግን በ3 ጊጋኸርዝ አካባቢ ከ2 እስከ 5 ሜጋዋት ይተፋል፤ ያውም ለጥቂት የሰከንድ ሚሊዮንኛዎች ብቻ፣ በሰከንድ መቶ ጊዜና ከዚያ በላይ እየደጋገመ።

ታዲያ መዳቡ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ክፍተቶቹ መጠናቸው ሲቀየር የሞገዱ ድግግሞሽ ይንሸራተታል፣ በአክስለሬተሩ ውስጥ የሚፈጥኑት ኤሌክትሮኖችም ተገቢውን ግፊት አያገኙም። ለዚህ ነው ማቀዝቀዣ ውኃው ሙቀቱ ሳይዋዥቅ መፍሰስ ያለበት። ዘንጉም ከጊዜ ጋር ይደክማል፤ ማግኔትሮን አላቂ ዕቃ ነው።

ስለዚህ ለአሊዩ አምባና ለአካባቢው ቆላ ሰው መንገዱን የሚያሳጥር አንድ ማሽን ነገ ደብረ ብርሃን ይተከል ቢባል፣ ከማሽኑ ዋጋ እኩል በግዥ ውሉ ውስጥ መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ፦ መጠባበቂያ ማግኔትሮን፣ የማይቆራረጥ መብራት፣ የውኃ ማቀዝቀዣ፣ እዚያው ኖሮ የሚጠግን የሠለጠነ ባለሙያ።