የልጅ ልደት በዓል በዋግ አገር

ልጅ የተወለደበትን ቀን በየዓመቱ በግብዣ ማክበር በከተሞቻችን የተለመደ ሆኖአል። ልማዱም ወደ ደጋው አገር ሲዘልቅ በየቤቱ ክርክር ያስነሣል፤ ሽማግሌው «ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ነው» ሲል ይነቅፈዋል፥ ወጣቱ ግን «ያለ ኬክና ያለ ድምፅ ማጉያ ልደት አይሆንም» ይላል። እኛም ስለ ሰቆጣና ስለ ዋግ ኽምራ ደጋ አስበን፥ በዓሉ በአገር ዜማና በአገር እጅ ሥራ ቢከበር ክርክሩ እንዲበርድ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ እንወዳለን።

በቀድሞው ልማዳችን የልጅ ክብር በእልልታና በገንፎ ይጀመራል፤ ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ሲነሡም ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ይደሰታል። ከዚያ ወዲያ ግን ዕለቱ በየዓመቱ አይታሰብም ነበር። እናት የልጅዋን ዕድሜ ስትጠየቅ «በዘመነ ማርቆስ፥ በሚካኤል ዕለት ነው» ትል ነበር እንጂ የተጻፈ ነገር አልነበራትም። ዛሬ በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ስለሚያዝ፥ ቀኑን ጠንቅቆ ማወቅ የሕግ ግዴታም ሆኖአል።

ልደትን በየዓመቱ በዜማ ማክበርም ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ከዋግ በስተ ደቡብ በላስታ፥ ታኅሣሥ 29 ቀን የጌታችን ልደት ሲከበር የንጉሥ ላሊበላም ልደት አብሮ ይታሰባል፤ ካህናቱም በከበሮ «ቤዛ ኵሉ» እያሉ ይዘምራሉ። የዋግ ሹሞች ዘራቸውን ከዛጔ ነገሥታት ይቈጥሩ ስለ ነበር፥ ይህ በዓል ለዋግ ሰው የዘመድ ልደት ነው። እንዲሁም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1884 ዓ.ም. የተወለዱበት ሐምሌ 16 ቀን፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን እስከ ወረዱበት እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ በመላው ኢትዮጵያ ይከበር ነበር። እንግዲህ ለንጉሥ የተደረገው ምስጋና በልኩ ለሕፃን ቢደረግ ነውር የለበትም።

ስለ ዜማው የሆነ እንደ ሆነ፥ የሰቆጣ ሰው ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገውም። በዋግ ኽምራ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ለምለም ሣር በወገባቸው አስረው፥ ከበሮ እየመቱ ከቤት ወደ ቤት ይዘፍናሉ። የሻደይ ዘፈን ለሻደይ ይቈይ፤ ነገር ግን ከበሮውን የሚያውቁ እነዚያው እጆች ለታናሽ ወንድም ልደት ቢመቱ መልካም ነው። አያትም በኽምጣኛ የምታውቀውን እሽሩሩ ብታሰማ፥ ልጁ ከስጦታ ሁሉ የሚበልጠውን የአያቶቹን ቋንቋ ያገኛል።

አዝማሪ የተጠራ እንደ ሆነም ባለቤቱ የልጁንና የአያቶቹን ስም አስቀድሞ ይንገረው። አዝማሪ ከእንግዶች ቃል ተቀብሎ በማሲንቆው ቅኔ ያደርገዋልና፥ በሕፃናት ፊት የስድብና የነገር ግጥም እንዳይቀርብ መነጋገር ይገባል። ዋጋውም አስቀድሞ ይቈረጥ፤ በግንባሩ የሚለጠፈው ገንዘብ ጉርሻ እንጂ ደመወዝ አይደለም።

ወደ እጅ ሥራው ስንመለስ፥ ለልጅ ከሚገባው ስጦታ አንዱ ሙዳይ ነው። ስንደዶውና አክርማው ተሰብስቦ፥ አክርማው ቀለም ገብቶ፥ በወስፌ የልጁ ስምና የተወለደበት ዓመት በጥልፉ መካከል ቢሰፋ፥ ልጁ እስኪያረጅ የሚያስቀምጠው ዕቃ ይሆናል። ለተጋበዙት ልጆችም ከማዕድ በፊት ጭቃ ይሰጣቸው፤ በሬውን፥ በቅሎውን፥ ጀበናውን በየአሳባቸው ይሥሩና ደርቆ ወደየቤታቸው ይውሰዱት። ጭቃውን የምታለሰልስላቸው ሸክላ ሠሪ ብትጠራ ደግሞ ይበልጣል። በቀድሞ ዘመን ሸክላ ሠሪና ሸማኔ በጥበባቸው ይናቁ ነበርና፥ ባለቤቱ በልጆቹ ፊት ባለሙያዋን በአክብሮት አስቀምጦ የድካሟን ዋጋ ቢከፍል፥ ልጆቹ ከመጽሐፍ የማያገኙትን ትምህርት ይማራሉ።

ማዕዱም ቀላል ይሁን። ድፎ ዳቦ በኬክ ፈንታ ይቈረሳል፤ ዋግ የማር አገር ነውና ለልጆች ብርዝ፥ ለአዋቂዎች ጠላ ወይም ጠጅ ይበቃል። ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ወይም ጾም ቢሆን፥ ወጡ የጾም ይሁን ወይም ቀኑ ይተላለፍ። ጳጉሜን 6 ቀን የተወለደ ልጅ ካለም ቀኑ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣልና፥ በሌሎቹ ዓመታት ጳጉሜን 5 ቀን ይከበርለት።

ነገር ግን ከዜማውም ከማዕዱም የሚበልጥ ነገር አለ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ያወጀው፥ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. እንዲቀር የሚለው ውል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በዚህችው ከተማ ስም ተጠርቶአል። ዋግ ዝናም በሚያጥርበት ዓመት ብዙ የተራበ አገር ነውና ስሙ በከንቱ አልተመረጠም። ልጅ በማኅፀን ሳለና በመጀመሪያው ሁለት ዓመት የጐደለበትን ምግብ በኋላ ለመመለስ እጅግ ያስቸግራል። ስለዚህ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፥ ከዚያም ከጡቱ ጋር እንቍላልና ጥራጥሬ የገባበት ወፍራም ገንፎ ሊያገኝ ይገባዋል። የአንድ ቀን ግብዣ የልጁን የዓመት እንቍላል የሚያስቀር ከሆነ፥ ያ በዓል የአባት ክብር ነው እንጂ የልጅ ልደት አይባልም።

ስለዚህ ምክራችን ይህ ነው፤ በልደቱ ሰሞን፥ ከበሮው ሳይመታ በፊት፥ ሕፃኑ ወደ ጤና ኬላ ሄዶ ክብደቱና ቁመቱ ይለካ። የልደቱ ምስክር ወረቀትና የጤናው ካርድ አያቱ በሰፋችው ሙዳይ ውስጥ ይቀመጥ፤ በየዓመቱም ሙዳዩ ተከፍቶ የልጁ ማደግ በዘመዶች ፊት ይነበብ፥ እልልታውም በዚያን ጊዜ ይሁን። በተለይም ሹማምንትና መኳንንት በቤታቸው የሚያደርጉትን ጎረቤት ሁሉ ስለሚከተል፥ ልከኛውን በዓል እነርሱ አስቀድመው ቢያሳዩ ድኻው በልጁ ልደት ዕዳ አይገባም። በዋግ ደጋ ያሉ ሕፃናት ሁሉ ከዓመት ወደ ዓመት በጤና ይሸጋገሩ ዘንድ ምኞታችን ነው።